ቡሽ ላይ የተሰካችው መርፌ

ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ገደማ ጎብኔት ሊናሃን የራሷን ቀሚስ ልትሰፋ በሩ አጠገብ ተቀመጠች። መርፌዋን ከቡሹ ነቀለች፣ ክር አስገባች፣ ጨርቁ ላይ ገፋች። መርፌዋ አልገባም አለች። እንደገና ገፋች። ጨርቁ ወደ ውስጥ ሰረጎደ እንጂ አልተበሳም። መርፌዋን ወደ ብርሃኑ አነሳቻት። ጫፏ የለም።

የጎደለው የገብስ ፍሬ ግማሽ እንኳ አይሞላም። ሌላ ሴት ብትሆን «ኤዲያ!» ብላ ጥላት ሌላ መርፌ ታነሳ ነበር። ጎብኔት ግን ቀሚሱ ከጉልበቷ ላይ ተንሸራቶ መሬት ሲወድቅ እንኳ አላወቀችም።

ያቺ መርፌ የባሩድ ፋብሪካው ንብረት ናት። ፋብሪካው ከኮርክ ከተማ በላይ ወንዙን ተከትሎ ተዘርግቷል፤ ከጎብኔት ቤት ሩብ ሰዓት ቢያስኬድ ነው። እዚያ የሚፈጨው ባሩድ በርሜል እየተሞላ፣ ቀይ ጨርቅ በተሰቀለበት ጋሪ ወደ ከተማው ወደብ ይወርዳል፤ ከዚያ ወዲያ መርከብ በሄደበት ሁሉ ይሄዳል። የክራይሚያ ጦርነት ካበቃ ሦስት ዓመት ቢሆነውም ወፍጮዎቹ አልቦዘኑም። እዚያ ግቢ ብረት አይገባም። መዶሻው እንጨት ነው፣ አካፋው መዳብ፣ የበሩ ቁልፍ ነሐስ። የሠራተኞቹ ጫማ ምስማር የለውም፤ የሥራ ልብሳቸው ከወፍራም ሱፍ የተሰፋ፣ ኪስ የሌለው፣ በቁልፍ ፋንታ በማሰሪያ የሚታሰር ነው። ብረት ከድንጋይ ጋር አንዴ ተፋትጎ ብልጭ ካለ፣ ከሰው የሚተርፈው በቅርጫት ነው የሚለቀመው። ይህን ለጎብኔት ማንም አልነገራትም። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለች ከቅርጫቶቹ የአንዱን እጀታ ይዛ ነበር።

የአሥራ አራቱን ሰዎች ልብስ የምታጥበውና የምትጥፈው እሷ ናት። ቅዳሜ ቀትር ላይ ትረከባለች፣ ሰኞ ጎህ ሲቀድ ትመልሳለች። ለዚህ ሥራ የተሰጣት መርፌ አንዲት ብቻ ናት፤ ልብሶቹን ስትመልስ መርፌዋን ለዘበኛው ታሳያለች። መርፌዋ ካልታየች ልብሱ በሩን አያልፍም። ባሏ በረሃቡ ዘመን በተስቦ ከሞተ ወዲህ፣ አሥራ ሁለት ዓመት፣ አንድ ሰኞ ሳታጓድል አሳይታለች።

ዛሬም ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አሳይታለች። ቡሹ ላይ እንደተሰካች።

«ወለሉ ላይ ነው የወደቀው» አለች ጎብኔት ጮክ ብላ፣ ሰው ያለ ይመስል። «የት ይሄዳል? ወለሉ ላይ ነው።»

ተንበረከከች። ቅዳሜ ተቀምጣ የሰፋችበትን ቦታ በእርጥብ ጨርቅ ጠረገች፤ ጨርቁን ወደ በሩ ወስዳ በብርሃን አየችው። አፈር፣ የዶሮ ላባ፣ የድንች ልጣጭ። እንደገና ጠረገች። ከዚያ ግን እጇ ቆመ፤ ቅዳሜ የሰማችው ድምፅ ትዝ አላት።

ቅዳሜ አምስት ልብስ ነበር የጣፈችው። የባሩዱ ጨውና ላብ ተጋግሮበት ብብቱ አካባቢ ያለው ሱፍ፣ ቢታጠብም እንደ ቆዳ ይደርቃል። ጀንበር ጠልቃ ለዓይን ያዝ ማድረግ ሲጀምር፣ የመጨረሻውን ልጣፊ የመጨረሻ ስፌት ስትስብ «ጥቅ» አለ። ክሩ መስሏት ነበር። ቋጠረች፣ በጥርሷ በጠሰች፣ መርፌዋን ቡሹ ላይ በለመደችው ቀዳዳ ሰካቻት። እሁድ መርፌ አይነካም። ሰኞ ጨለማው ሳይገፈፍ አሥራ አራቱን ልብስ አንድ ላይ አስራ፣ በጀርባዋ አዝላ ሄደች።

የመጨረሻው ልብስ የማን ነበር? አላስታወሰችም። ሁሉም ግራጫ ነው፣ ሁሉም እኩል የጠነከረ። ከአምስቱ አንዱ ግን የወንድሟ የባት እንደሆነ ታውቃለች፤ ባት ሁልጊዜ ክርኑ ላይ ነው የሚቀድደው።

ያኔ የወፍጮዎቹን ድምፅ ሰማች። ቀኑን ሙሉ የሚሰማ፣ ከለመዱት በኋላ ጆሮ የማይቆጥረው፣ ከሩቅ ሆድ ሲያጉረመርም የሚመስል ድምፅ ነው። ዛሬ ግን እያንዳንዱ ዙር ለብቻው ተሰማት። ዞረ። አልፈነዳም። ዞረ። አልፈነዳም። ድምፁን ባዳመጠች ቁጥር እግሯ ይበልጥ መሬቱን ያዘ። ብትንቀሳቀስ ራሱ እሷ የምታፈነዳው መሰላት።

እዚህ ብቀመጥስ አለች በልቧ። ምናልባት የመርፌዋ ጫፍ ሱፉ ውስጥ ተሸጉጦ እስከ ቅዳሜ ይቆይ ይሆናል። ቅዳሜ ልብሶቹን ስትረከብ ፈልጋ ታወጣዋለች፤ ማንም ሳይሰማ። ስድስት ቀን ብቻ።

ስድስት ቀን ወፍጮው ስንት ጊዜ እንደሚዞር ልታስብ ሞከረች። ከዚያ ሻርፗን አንስታ ወጣች።

መንገዱ ላይ ከምዕራብ የመጡ ቅቤ ጫኝ ጋሪዎች ወደ ከተማው ገበያ ተሰልፈው ይወርዳሉ። ጎብኔት ጋሪዎቹን እየታከከች ሽቅብ ተጣደፈች።

«አንቺ ሴትዮ! ገበያው ወዲህ ነው፤ ወዴት ነው እንደዚህ የሚያስሮጥሽ?» አላት አንዱ ባለጋሪ።

«ባሏ ጥሏት ሄዶ ነዋ!» አለ ከኋላው ያለው።

«እንደዚህ ከሮጠች ትደርስበታለች!»

ሳቃቸው ተከተላት። ከቤቶቹ ማብቂያ ላይ ቀይ ጨርቅ የሰቀለ የባሩድ ጋሪ ሲመጣ አየች፤ ባለጋሪው ፈረሱን በእግሩ እየመራ ነው። ባለቅቤዎቹ ወዲያው ሳቃቸውን ዋጡ፣ ፒፓቸውን ከአፋቸው አወጡ፣ ወደ ጠርዝ ወጥተው አሳለፉት። ጎብኔትም ቆመች። በርሜሎቹ በአጠገቧ ሲያልፉ ትንፋሿን ይዛ ነበር። የእነዚህ ባሩድ ባለፈው ሳምንት የተፈጨ ነው፤ የመርፌዋ ጫፍ እነዚህ ውስጥ ሊኖር አይችልም። ይህን እያወቀች እንኳ ጋሪው እስኪርቅ መተንፈስ አቃታት።

የፋብሪካው በር ዘበኛ ፊኒን ድሪስኮል ይባላል። ሰባ ዓመት አልፎታል፤ አንድ ዓይኑ ላይ ሞራ ወርዷል። ከበሩ ጎን ያለችው ጎጆ የፋብሪካው ናት፤ ሚስቱ ኤለን እዚያ አልጋ ላይ ከዋለች ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ፊኒን ጎብኔትን ሲያይ ከበርጩማው ሳይነሳ ፈገግ አለ።

«ምነው ልጄ፣ ናፍቄሽ ነው? ገና ሦስት ሰዓት ሳይሞላ?»

«አባቴ» አለች። ቡሹን አውጥታ፣ መርፌዋን ነቅላ መዳፏ ላይ አስቀመጠቻት። «ይዩዋት።»

ፊኒን ደህናውን ዓይኑን አስጠግቶ አያት። ከዚያ በአውራ ጣቱ ጫፏን ዳሰሰ። ጣቱ እዚያው ላይ ቆየ። ፈገግታው ግን ቶሎ አልሄደም፤ ባለቤቱ ረስቶት የሄደ ዕቃ ይመስል ፊቱ ላይ ቀረ።

«መቼ ነው የተሰበረችው?»

«ቅዳሜ።»

«አይደለም» አለ ፊኒን። «ዛሬ ጠዋት አይቻታለሁ። ደህና ነበረች።»

«ቡሹ ላይ ነው ያዩዋት።»

«አየኋት አልኩ እኮ! አየኋት ብዬ ነው ያሳለፍኩሽ። ቤትሽ ከገባሽ በኋላ ሰብረሻት ይሆናል። እንደዚያ ነው፣ አይደል? አሁን ቀሚስ ስትሰፊ ሰበርሻት።»

ደንቡ መርፌዋ ከቡሹ ተነቅላ በዘበኛው መዳፍ ላይ እንድትቀመጥ ያዝዛል። ዓመታት እንደዚያ ነበር የሚያደርጉት። ከሦስት ዓመት በፊት ግን የፊኒን እጅ መንቀጥቀጥ ጀመረና አንድ ሰኞ መርፌዋን ጭቃ ውስጥ ጣላት፤ ሁለቱ ተንበርክከው እስኪያገኟት ድረስ ነፍሳቸው ወጥታ ነበር። ከዚያ ወዲህ «አትንቀያት ልጄ፣ እዚያው ሆና ትታየኛለች» ይላታል፣ እሷም ቡሹን ከፍ አድርጋ ታሳየዋለች፣ እሱም «አየኋት» ይላል። ሁለቱም አንዳቸው ለሌላው ያደረጉት ደግነት ይመስላቸው ነበር።

«አባቴ፣ ደወሉን ይደውሉ።»

«ደወሉን?» ፊኒን አሁን ተነሳ። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ደወሉን ብደውል ምን ይከተላል? ውሃው ይዘጋል፣ ሁሉም ይወጣል፣ ሚስተር ኬምፕ ይመጣል። ‹መርፌዋን ማን አየ?› ይላል። ምን ልበለው? እስቲ አንቺ ንገሪኝ፣ ምን ልበለው?»

«እውነቱን።»

«እውነቱን ካልኩት እስከ ፋሲካ ከዚህች ጎጆ እወጣለሁ። እኔስ ይሁን። እሷንስ በምን ተሸክሜ ልውጣ? ኤለንን! ‹ከዚህ የምወጣው በሬሳ ሣጥን ነው› እያለች የምትቀልደውን? ድሆች ማቆያው ቤት ላስገባት?» ክንዷን ያዛት፤ የአዛውንቱ እጅ እንደ ወፍ እግር ቀላልና ቀዝቃዛ ነበር። «ስሚኝ። የገብስ ፍሬ አታክልም። ምናልባት ወለልሽ ላይ ወድቃለች። ምናልባት መንገድ ላይ ረግፋለች። ቅዳሜ ልብሶቹን ስትወስጂ አብረን እንፈልጋታለን። ልማልልሽ? እምልልሻለሁ።»

ራሷ ያሰበችውን ነገር ከሌላ ሰው አፍ ስትሰማው ጎብኔትን ብርድ ብርድ አላት። ከግንቡ ወዲያ ወፍጮው ዞረ። ሁለቱም ሳያውቁት ዙሩ እስኪያልቅ አዳመጡ።

«ወንድሜ ባት እዚያ ውስጥ ነው ያለው» አለች።

«ባት ሰው ነው፣ ኤለን ሰው አይደለችም?»

ጎብኔት በሩ ሥር ባለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና ጫማዋን ማውለቅ ጀመረች። ጫማዋ ሥሩ ምስማር አለው። ሁለቱንም አውልቃ ጎን ለጎን አቆመቻቸው። የሻርፗን ማያያዣ ነቀለች። ከአንገቷ የቅድስት ጎብኔትን ሜዳሊያ አወለቀች፤ እናቷ ካሰረችላት ወዲህ ወልቆ አያውቅም። ከዚያ እጇን ወደ ፀጉሯ ሰደደች፤ ፀጉር ማስያዣ ሽቦዎቹን አንድ ባንድ እየመዘዘች የፊኒን ባርኔጣ ውስጥ ጣለች። ባርኔጣው በርጩማው ላይ ነበር። ሽቦዎቹ እርስ በርስ ሲነካኩ ጥርስ የሚያንቀጫቅጭ ድምፅ ያሰማሉ። ግማሹ የሸበተው ፀጉሯ ትከሻዋ ላይ ወደቀ።

«ምን እያደረግሽ ነው? ሴት እዚያ አትገባም» አለ ፊኒን።

«እርስዎ ካልደወሉ ሄጄ እነግራቸዋለሁ።»

በባዶ እግሯ በሩን አለፈች። የመጋቢት ጭቃ እንደ በረዶ ነበር። እዚህ ግቢ መሮጥ ክልክል ነው፤ ሃያ ዓመት የሰማችው ደንብ እግሯን ያዘው፣ በዝግታ ተራመደች። ከፊቷ የመጀመሪያው ወፍጮ ቤት፣ ከዚያ ዛፎች፣ ከዚያ ወፍራሙ ግንብ፣ ከግንቡ ወዲያ ባሩዱ በወንፊት የሚነፋበት ቤት። ጣሪያው ቀላል ሳንቃ ነው፤ ቢፈነዳ ወደ ላይ እንዲሄድ። እያንዳንዱን እርምጃ ስትረግጥ «አሁን» ትላለች በልቧ። «አሁን። አሁን።» ጆሮዋ ውስጥ የራሷ ደም ይጮህ ስለነበር ደወሉን መጀመሪያ አልሰማችውም።

ዞራ ስታይ ፊኒን በሁለት እጁ ገመዱን ይዞ፣ ሙሉ ክብደቱን ጥሎ እየሳበ ነው። አፉ ተከፍቷል። እያለቀሰ ይሁን እየጮኸ አልለየችም።

ያ ደወል በሥራ ሰዓት ከተሰማ ትርጉሙ አንድ ነው። ወፍጮዎቹን የሚያዞረው የውሃ ቦይ መዝጊያ ወረደ። የወፍጮዎቹ ድምፅ ሰነፈ፣ ጎተተ፣ ከዚያ ቆመ። ጎብኔት በሕይወቷ ከእሁድ በቀር ሰምታው የማታውቀው ጸጥታ ሆነ። ከግቢው ውጭ፣ በሠራተኞቹ ቤቶች በኩል፣ በሮች ሲከፈቱ ይሰማል፤ ሴቶቹ ወጥተው ነው፤ አንዲት ሴት ስም እየጠራች ትጮሃለች።

አሥራ አራቱ ሰዎች አንድ በአንድ ወጡ። ማንም አልሮጠም። ፊታቸው በባሩድ ጠቁሯል፤ ዓይናቸው ብቻ ነጭ ነው።

«ልብሳችሁ!» አለች ጎብኔት፤ ድምፅዋ ተሰነጠቀ። «የመርፌ ጫፍ አለበት። የማን እንደሆነ አላወቅሁም። ወደ ውሃው!»

ሁለተኛ መናገር አላስፈለጋትም። ሁሉም እንደለበሱ በዝግታ፣ እጃቸውን ከጎናቸው አርቀው፣ ከቦዩ ውስጥ ገቡ። ውሃው እስከ አንገታቸው ደረሰ። የእርጥብ ባሩድ ጥቁር ነገር ከላያቸው ተነስቶ እንደ ጭስ በውሃው ላይ ተንሳፈፈ። እዚያው ቆመው ማሰሪያዎቹን መፍታት ጀመሩ።

«ጎብኔት!» ብሎ ጮኸ ቲግ ሺሃን፣ ጥርሱ እየተንገጫገጨ። ወንፊት ቤት የሚሠራ፣ አፉ የማያርፍ ሰው ነው። «ራቁታችንን ማየት ካማረሽ በበጋ ብትጠሪን ምን ነበረበት?»

«ምን የሚታይ ነገር አለህና!» አለው አንዱ።

«በዚህ ብርድ የነበረውም ገብቷል!»

ጥቂቶቹ ሳቁ። ሳቁ ቶሎ አለቀ። ባት አልሳቀም፤ ከውሃው መሐል ሆኖ እህቱን ያያታል።

«እህቴ፣ ምን አድርገሽ ነው?» አላት ቀስ ብሎ። «ምንድን ነው ያደረግሽው?»

የፋብሪካው ኃላፊ ሚስተር ኬምፕ ደረሰ። ቀጭን እንግሊዛዊ ነው፤ ሲቆጣ ድምፁ ይበልጥ ይቀንሳል። ጎብኔት በሦስት ዓረፍተ ነገር ነገረችው። አላቋረጣትም።

«ከለበሱት ስንት ጊዜ ሆነው?»

«ሦስት ሰዓት ሊሆነው ነው፣ ጌታዬ።»

ሚስተር ኬምፕ ወደ ወንፊት ቤቱ አየ። ከንፈሩ ነጣ። እሱም እንደሚፈራ ጎብኔት ያን ጊዜ ነው ያወቀችው፤ ይሄ ደግሞ የባሰ አስፈራት።

አምስቱ የተጣፉ ልብሶች ሣሩ ላይ ተዘረጉ። ሚስተር ኬምፕ ማግኔት አስመጥቶ ላያቸው ላይ አመላለሰ። እርጥቡ ሱፍ ወፍራም ነው፤ ማግኔቱ ምንም አልያዘም።

«እኔ ልዳስሰው» አለች ጎብኔት። «ስፌቴን አውቀዋለሁ።»

ተንበረከከች። ብርዱ ጣቶቿን አደንዝዟቸዋል፤ አፏ ውስጥ ከትታ አሞቀቻቸው። የመጀመሪያውን ልጣፊ ከጫፍ እስከ ጫፍ በአውራ ጣቷ ሄደችበት። ስፌቱ የተስተካከለ ነው፤ በቀን ብርሃን የተሰፋ። ምንም የለም። ሁለተኛውም እንደዚሁ። ሦስተኛው የባት ነበር፤ ክርኑ ላይ ስትደርስ ዓይኗን ጨፈነች። ምንም የለም። አራተኛው ላይ ስፌቱ ገና ቀጥ ያለ ነው። ከኋላዋ አሥራ አራት ሰው ብርድ ልብስ ተከናንቦ ቆሟል፤ ከመንቀጥቀጣቸው በቀር ድምፅ የለም።

አምስተኛው ላይ ስፌቱ ጠማማ ነበር። ብብቱ ሥር፣ አንዱ ረጅም አንዱ አጭር፣ በምሽት የተሰፋ። እዚህ ካልተገኘች ወንፊት ቤቱ ወለል ላይ ናት፣ ወይም ባሩዱ ውስጥ፤ ማንም ዳግመኛ አያገኛትም፤ ማንም ግን ዳግመኛ እዚያ ቤት በሰላም አይገባም። ጣቷ ተንቀሳቀሰ። ቆመ። ተመለሰ። ከዚያ ወጋት።

ጫፉ በልጣፊው በኩል ወደ ውጭ ግማሹን ብቅ ብሏል። አንድ ሰው ክንዱን ጥቂት ጊዜ ወደ ላይ ቢያነሳ ይረግፍ ነበር። ጎብኔት በጥርሷ ነቅላ አወጣችው፣ ምላሷ ላይ የብረት ጣዕም ተሰማት፣ መዳፏ ላይ ተፋችው።

«የማን ነው?» አለ ሚስተር ኬምፕ።

ጎብኔት አንገትጌው ላይ ያለውን ምልክት አየች። «የቲግ።»

ቲግ ሺሃን አፉን ከፈተ። ሁሉም ቀልድ ጠበቀ። ቲግ ክንዱን ቀስ ብሎ ወደ ላይ አነሳ፣ ወንፊት እንደሚያነሳ ሰው፤ ክንዱን አየው፤ ከዚያ ዞር ብሎ ቦዩ ዳር አስመለሰው።

«ጠዋት በሩ ላይ መርፌዋ ታይታ ነበር?» ሚስተር ኬምፕ ድምፁን እጅግ ዝቅ አድርጎ ጠየቀ።

ጎብኔት መዳፏ ላይ ያለችውን ቅንጣት ትኩር ብላ አየች። ሰዎቹ ድነዋል፤ አሁን አንድ ውሸት ማንንም አይገድልም። የቱን ውሸት እንደምትመርጥ ስታወጣ ስታወርድ ከኋላዋ የእግር ድምፅ መጣ።

«አልታየችም» አለ ፊኒን። ባዶ ራሱን ነው፤ ነጭ ፀጉሩ በነፋሱ ቆሟል። «ቡሹን ነው ያየሁት፣ ጌታዬ። ሦስት ዓመት ቡሹን ነው የማየው።»

ሚስተር ኬምፕ እጁን ዘረጋ። ፊኒን የነሐሱን ቁልፎች ከወገቡ ፈታ። ጣቱ አልታዘዘው ስላለ ረጅም ጊዜ ፈጀበት፤ ማንም ሊረዳው አልደፈረም። ሚስተር ኬምፕ ቁልፉን ተቀብሎ ጎብኔትን አያት፤ ልብሶቹ ከእንግዲህ ወደ ሌላ ሴት እንደሚሄዱ፣ የበሩ ጎጆ ከፋሲካ ማግስት ለሌላ ዘበኛ እንደምትፈለግ ነገራቸው። ከዚያ ጥቂት አሰበና፦

«መምጣትሽ ጥሩ ነው» አለ፤ ዞሮ ሄደ።

ሁለቱ ወደ በሩ ተመለሱ። ባት ብርድ ልብሱን እንደተከናነበ ጥቂት ተከትሏት፣ ትከሻዋን ነካ አድርጓት ተመለሰ። በሩ ውጭ ሴቶቹ ባሎቻቸውን እየቆጠሩ ነው። ለጎብኔት መንገድ ለቀቁላት።

ድንጋዩ ላይ ተቀምጣ እግሯን በሻርፗ ጠረገች። ፊኒን ባርኔጣውን አምጥቶ ፊቷ ያዘላት፤ እሷም ሽቦዎቹን እያወጣች ፀጉሯን ማሰር ጀመረች። አንድ፣ ሁለት… ስድስተኛውን ካወጣች በኋላ ባርኔጣው ውስጥ እጇ ባዶ ዳሰሰ።

«ሰባት ናቸው» አለች።

«ምን?»

«ጠዋት ሰባት ነው ያደረግሁት።»

ፊኒን ባርኔጣውን ገለበጠው። በርጩማው ሥር አየ። ጎብኔት እጇን ቀስ ብላ ወደ ማጅራቷ ወሰደች። ሰባተኛው እዚያ ነበር፤ በላብ የራሰው ፀጉሯ ውስጥ ተጠላልፎ፣ በአንዲት ዘለላ ተንጠልጥሎ። ይህን ተሸክማ ነው በሩን ያለፈችው። ይህን ተሸክማ ነው በዝግታ የተራመደችው።

መዘዘችውና አሳየችው። ፊኒን ደህናውን ዓይኑን አስጠግቶ አየው። ከአጠገቧ ድንጋዩ ላይ ቁጭ አለ። ለጥቂት ጊዜ ሁለቱም እዚያው፣ ሽቦውን መሐላቸው አድርገው ተቀመጡ።

ከጎጆዋ ውስጥ የኤለን ድምፅ መጣ። «ፊኒን! ምንድን ነው እሱ? ወፍጮው ለምንድን ነው ዝም ያለው?»

«ምንም አይደለም፣ መጣሁ!» አለ ፊኒን፤ ግን አልተነሳም።

«የእኔ ቤት ሁለት ክፍል ነው» አለች ጎብኔት፣ ፊቱን ሳታይ። «አንዱ ባዶ ነው። መስኮት አለው። ባለቅቤዎቹ ሲያልፉ ኤለን ታያለች፤ እሷ ሰው መስደብ ትወዳለች።»

ፊኒን አፍንጫውን በእጅጌው ጠረገ። ገመዱን የሳበበት መዳፉ ተልጧል።

«አትተኛም» አለ በመጨረሻ። «የወፍጮውን ድምፅ ካልሰማች እንቅልፍ አይወስዳትም። እሁድ እሁድ ስንት ዓመት አሰቃይታኛለች።»

ያን ጊዜ ከግንቡ ወዲያ የቦዩ መዝጊያ ሲነሳ ተሰማ። ውሃው ገባ። ድንጋዮቹ አንዴ አቃሰቱ፣ ከዚያ መዞር ጀመሩ። ሁለቱም በአንድ ጊዜ ትከሻቸውን ወደ ላይ ሰበሰቡ፤ ዙሩ አለቀ፣ ሌላው ጀመረ፤ ትከሻቸው ግን አልወረደም።

«ከእኔም ቤት ይሰማል» አለች ጎብኔት።